የማዶ ምርቃት

አገሪቱ ስም የሌላት ሆና አይደለም። አላት። ግን ስሟ ቢነገር ሌላው አገር ሁሉ «እኛን አይደለም» ብሎ እፎይ ስለሚል፣ ሳይነገር ቢቀር ይሻላል። በዚያች አገር፣ ወንዝ ዳር በተቆረቆረች አንዲት ከተማ፣ አያልሰው የሚባል በረኛ ነበር።

በከተማዋ የኳስ ክለብ የሚቋቋመው በሙያ ነው። ባለጨዎች የራሳቸው አላቸው፣ ባለጋሪዎች የራሳቸው፣ ባለወፍጮዎችና ከሰል ሻጮችም እንደዚሁ። አያልሰው እንጨት ጠራቢ ስለሆነ ለአናጢዎች ይጫወታል። መዳፉ እንደ ሰፌድ የሰፋ፣ አንደበቱ ቁጥብ ሰው ነው። አምበል ያደረጉትም ስለሚናገር ሳይሆን፣ ሌላው ሲጮህ እሱ ዝም ስለሚል ነው ይባላል።

ነገሩ የተጀመረው የውድድሩ ዘመን ሊገባደድ ሲል ነው። አናጢዎች መሃል ላይ ነበሩ፤ ዋንጫ አይደርሱበትም፣ መውረድም አያሰጋቸውም። ከላይ ባለጋሪዎችና ባለጨዎች ጉሮሮ ለጉሮሮ ተናንቀዋል። ከታች ባለወፍጮዎችና ከሰል ሻጮች ላለመውረድ ይንፈራገጣሉ። አናጢዎች መጀመሪያ ከባለጋሪዎች፣ ቀጥሎ ከባለወፍጮዎች፣ በመጨረሻ ከባለጨዎች ጋር መጫወት ቀርቷቸዋል።

ከባለጋሪዎች ጋር ከመጋጠማቸው በፊት፣ ልምምድ ላይ እንዳሉ አቶ ልሳነወርቅ መጡ። የባለጨዎች ክለብ መልእክተኛ ናቸው። ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው ከሜዳው ዳር ቆሙና ልጆቹ እስኪሰበሰቡ ጠበቁ።

«ለክፉ አልመጣሁም» አሉ። «ተሸነፉ ብዬ ብመጣ ጥርሴን አርግፉት። እኔ የምለው አሸንፉ ነው። ባለጋሪዎችን ካሸነፋችሁ ክለባችን የእያንዳንዳችሁን ቤት ቆርቆሮ ያለብሳል። ለመሆኑ ማሸነፍ ሥራችሁ አይደለም እንዴ?»

«ሥራችን ነው» አሉ አሰልጣኙ ጋሽ ዘውገ።

«እንግዲያው ሥራውን ለሠራ ሰው ጎረቤት ቢመርቅለት ነውሩ ምኑ ላይ ነው?»

ነውሩን የሚያሳይ አልተገኘም። በገበያ ሻጭ ከሰፈረው በላይ ጣል የሚያደርጋት ነገር ምርቃት ትባላለች፤ ይህቺኛዋ ከሌላ ሰፈር ስለመጣች የማዶ ምርቃት ተባለች። የአገሩ ደንብም ከጎኗ ነበር። «ባለጉዳዩ ሲሰጥ ጉቦ፣ ጎረቤት ሲሰጥ ምርቃት» ይላል ደንቡ። መንበሩ የሚባሉ የምርቃት ሹምም ነበሩ፤ ሥራቸው ተቀባዩ በሁለት እጁ መቀበሉን ማየት ነው። በአንድ እጅ የተቀበለ ይገሠጻል።

አያልሰውን ነገሩ አልጣመውም፤ ለምን እንደሆነ ግን ቃል አጣለት። ቤቱ የሳር ክዳን ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ሚስቱ እንጉዳይ አልጋውን ከጥግ ጥግ ስታዞር ነው የምትከርመው። እሷን አሰበና ወደ ልምምዱ ተመለሰ።

በዚያ ሳምንት አናጢዎች የተጫወቱት ጨዋታ እስከ ዛሬ ይወራል። አጥቂያቸው ቢራራ ባለጋሪዎቹን እንደ ቅቤ እየቆረጠ ሲያልፍ፣ ተከላካዮቹ ወድቀው ሲነሱ፣ አያልሰው ራሱ ከማዕዘን የመጣች ኳስ በጣቱ ጫፍ ሲያወጣ፣ ተመልካቹ ጉሮሮው እስኪዘጋ ጮኸ። አሸነፉ። ጨዋታው ባለቀ በሦስተኛው ቀን ቆርቆሮው መጣ። አያልሰው በሁለት እጁ ተቀበለ። እንጉዳይ አዲሱን ክዳን እያየች እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች፤ ያን ምሽት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ እንደ ሠርግ ከበሮ ነው የሰማችው።

የአናጢዎች ዕድል በከተማው ተሰማ፤ ሌላውም ሙያተኛ ዓይኑን ገለጠ። አስተማሪው የማካፈል ሒሳብን ለማስተማር፣ ልጆቹ ሒሳብ ቢያውቁ የሚጠቀም ጎረቤት እስኪገኝ ጠበቀ። ዳኛው እውነተኛ ፍርድ ጽፎ በመሳቢያው ቆለፈበትና፣ በፍርዱ ደስ የሚለው ሦስተኛ ሰው እስኪመጣ ተቀመጠ። የዳቦ ጋጋሪዋ ቤት በተቃጠለ ዕለት እሳት አጥፊዎቹ ፈጥነው ደረሱ፤ ባልዲያቸውን ሞልተው ተሰለፉና ቆሙ። ሴትዮዋ አንገቷ ላይ ያለውን ሐብል አውልቃ ብትዘረጋላቸው ደነገጡ።

«ከርስዎማ ጉቦ ይሆናል» አሏት። «ደንብ አለ፤ ጎረቤት ይላክ።»

ጎረቤቷ እስኪያስብበት ድረስ ምጣዱ ብቻ ቀረ። እሳት አጥፊዎቹ ማንንም እንዳልጎዱ በአደባባይ ተመሰገኑ፤ እውነትም አንድ ጭራሮ አልጨመሩበትም።

ከባለወፍጮዎች ጋር የሚጫወቱበት ቀን ደረሰ። ባለወፍጮዎች ካሸነፉ ይተርፋሉ፤ የሚወርዱት ከሰል ሻጮች ይሆናሉ። አያልሰው ጓንቱን አጥብቆ በሩ ላይ ቆመ። ጨዋታው ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ፣ ፊት ለፊቱ ያሉት ተከላካዮች እንደማይሮጡ አየ። የታመሙ መሰሉት። ኳስ ባጠገባቸው ስታልፍ እንደሚያውቋት ሰው ሰላም ብለው ያሳልፏታል። ቢራራ ደግሞ መሃል ሜዳ ላይ ቆሞ ካልሲውን ያስተካክላል፤ አስተካክሎ ሲጨርስ ሌላኛውን ይጀምራል።

በእረፍት ሰዓት አያልሰው ቢራራን ክንዱን ያዘው።

«ምን ሆነሃል? አሞሃል?»

«ደህና ነኝ፣ አምበሌ።»

«ታዲያ አትሮጥም?»

ቢራራ በቅንነት አየው። ፊቱ ላይ ክፋት አልነበረም፤ ያልገባው ነገር እንጂ። «ማን ላከልን?» አለ።

አያልሰው ወደ ሌሎቹ ዞረ። ሁሉም እንደ ቢራራ ያዩታል። ጋሽ ዘውገ ጫማቸውን ያያሉ። እሱም ባለፈው ሳምንት ሲላክለት ተቀብሏል። ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ። የቻለውን ያህል አወጣ፤ የቀረው ገባ። ባለወፍጮዎች አሸንፈው ተረፉ፣ ከሰል ሻጮች ወረዱ።

በማግስቱ አያልሰው አውደ ሥራው ውስጥ በር ሲልግ አንድ ሰው ደጃፉ ላይ ቆመ። የከሰል ሻጮች አምበል ደምለው ነው። ኮሌታው ጥቁር፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። አያልሰው መላጊያውን አስቀመጠ። ሊሰድበኝ ነው ብሎ ጠበቀ፤ ቢሰድበው ደስ ባለውም ነበር።

«ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለ ደምለው።

«የምን ይቅርታ?»

«ሳንልክላችሁ ቀረን። ልጆቹ ያላቸውን አዋጡ፤ ቢሰበሰብ አንድ በግ አይሞላም። ለናንተ አንድ በግ መላክ ደግሞ ስድብ መሰለንና ተውነው። በባዶ ሜዳ አስወጣናችሁ። ቅር እንዳትሰኙብን።»

ደምለው ይህን የተናገረው ሲያሾፍ አልነበረም። ባርኔጣውን አድርጎ፣ እጅ ነሥቶ ሄደ። አያልሰው እዚያው ቆመ። መላጊያውን አነሣና መልሶ አስቀመጠው። ያልተጫወተው እሱና ጓደኞቹ፣ የወረደው ደምለው፣ ይቅርታ የጠየቀውም ደምለው። አቶ ልሳነወርቅ በመጡ ቀን ቃል ያጣለት ነገር ምን እንደሆነ ገባው። ለድሉ ሌላ ሰው ሲመርቅለት፣ ሌላ ሰው ያልመረቀበት ጨዋታ ሁሉ ተሽጦ ነበር፤ ሻጩ እንኳ ሳያውቀው።

መሰላሉን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ሄደ። እንጉዳይ ሽሮ ስትነፋ ክዳኑ ላይ የመዶሻ ድምፅ ሰምታ ወጣች።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ላወርደው ነው።»

«ምኑን?»

«ቆርቆሮውን።»

ወንፊቱን መሬት ላይ አስቀመጠች። «አያልሰው፣ ሰማዩን አይተኸዋል? ጠቁሯል እኮ! ዝናብ ላይ ልትጥለን ነው?»

ከላይ ሆኖ የደምለውን ነገር ነገራት። ሲናገር ምስማር መንቀሉን አላቆመም። ሰምታ ስትጨርስ ሻሿን አጠበቀችና መሰላሉን ይዛ ወደላይ ቀና አለች።

«አንዷን ለኩሽና ላስቀር እንዳትል። ካወረድህ ሁሉንም አውርድ። ግማሽ ማፈር አልወድም።»

ቆርቆሮውን ወደ ባለጨዎች የሚያደርስለት ጋሪ ሲፈልግ ባለጋሪዎች ተሻምተው መጡ። በነጻ ጫኑለት። በመንገድ እያጨበጨቡ አጀቡት። «ጀግና!» አሉት። «ባለጨውን አዋርድልን!» አያልሰው እነሱን ብሎ እንዳላደረገው ለማስረዳት ሞከረ፤ ጭብጨባው ዋጠው።

ከሰዓት በኋላ ሹም መንበሩ አስጠሩት። ክሱ ምርቃት መግፋት ነው።

«ማን አውርድ አለህ?» ጠየቁት።

«ማንም።»

«ልጄ፣ እዚህ የምንነጋገረው እንደ ትልቅ ሰው ነው። ሰው ቆርቆሮ የሚያወርደው የበለጠ ሲመጣለት ነው። ምን ላኩልህ? ባለጋሪ እንዳጀበህ ከተማው አይቷል።»

«ምንም አልላኩልኝም፣ ጌታዬ። እኔ ለክለቤ እጫወታለሁ፤ ክለቤ ይከፍለኛል። ከዚያ ሌላ አልፈልግም።»

ሹሙ በእውነት አዘኑለት። «እንደሱማ ከሆነ ነገሩ ከባድ ነው» አሉ። «የመራቂው ስም ያልታወቀ ተጫዋች አደገኛ ነው። ለማን ብሎ እንደሚሮጥ በምን እናውቃለን?»

ቤቱ እንዲፈተሽ አዘዙ። ፈታሾቹ የተደበቀ ምርቃት ፍለጋ የዱቄቱን ማድጋ ገለበጡ፣ ፍራሹን ቀደዱ። ሲወጡ ጣሪያ የሌለውን ቤት ሽቅብ እያዩ፣ «በጣም ጥሩ አድርጎ ደብቆታል» ብለው መሰከሩ።

ያ ሲሆን የባለጋሪዎች ምርቃት ደግሞ በይፋ መጣ። አናጢዎች ባለጨዎችን ቢያሸንፉ ወይም አቻ ቢወጡ ዋንጫው የባለጋሪዎች ነው። ስለዚህ አንድ ትልቅ ሰንጋ አምጥተው ክለቡ በር ላይ አሰሩ። ከኋላው አቶ ልሳነወርቅ ጃንጥላቸውን ይዘው ደረሱ፤ ሰንጋውን ሰላም ባለው ዓይን አይተው ለተጫዋቾቹ ፈገግ አሉ።

«እኛ ምንም አንጠይቅም» አሉ። «ተሸነፉ? እግዜር ያውቃል፣ አይወጣንም! ብቻ ዝናብ ሲዘንብ ቀና ብላችሁ ጣሪያችሁን እዩ።»

እሳቸው ሲሄዱ ተጫዋቾቹ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። የሰንጋው እምቧታ በመስኮት ይገባል። አያልሰው፣ ያ ዝምተኛ ሰው፣ ተነሣ።

«ሰንጋው ይመለስ» አለ። «የባለጋሪን ሥጋ በልተን የባለጨው ጣሪያ ሥር ልንተኛ ነው? ነገ በየትኛው እግራችን ነው የምንጫወተው?»

«ላንተ ቀላል ነው!» ቢራራ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። «እናቴ ሳል አለባት። ዘንድሮ ነው ደረቅ አልጋ ላይ የተኛችው። ውጪና ዝናብ ይምታሽ ልበላት? በል አንተው መጥተህ ንገራት!»

አያልሰው ራሱን ነቀነቀ። የቢራራን እናት ያውቃቸዋል፤ ሳላቸውንም ከአጥር ማዶ ሰምቷል።

«ቆርቆሮህን አልነካም» አለው። «አውርድም አልልህም። ሜዳ ላይ ግን ሩጥልኝ።»

«ብሮጥ ባለጋሪ ገዛው ይሉኛል። ባልሮጥ ባለጨው ገዛው ይሉኛል። ምን ላድርግ?»

«ከሁለቱም ካላመለጥህ ሮጠህ ታማ። ስምህ ቢጠፋም እየሮጥህ ይጥፋ።»

አንዱ ፈገግ አለ፤ ሌላው ተከተለ። ቢራራ አልሳቀም፤ ግን ተቀመጠ። ጋሽ ዘውገ ብዙ ጊዜ ጫማቸውን ሲያዩ ኖረው፣ ተነሥተው ወጡ። በመስኮት ሲያዩዋቸው የሰንጋውን ገመድ ፈትተው ራሳቸው እየጎተቱ ወደ ባለጋሪዎች ሰፈር ይወስዱታል። ሰንጋው ይለግማል፤ እሳቸውም ይሰድቡታል።

በመጨረሻው ጨዋታ ዕለት ሰማዩ ተቀደደ። ሜዳው ጭቃ ሆነ። ከተማው በሙሉ ወጥቷል፤ ግን ኳሷን የሚያይ ጥቂት ነው። ተመልካቹ የሚያየው ማን ስንት ጊዜ እንደሮጠ፣ ማን ሲወድቅ ለመነሣት እንደዘገየ ነው። አንድ አናጢ ኳስ ሲነጠቅ የባለጋሪ ሰፈር «ሸጠ!» ይላል። መልሶ ሲነጥቅ የባለጨው ሰፈር «በላ!» ይላል።

አናጢዎች ተጫወቱ። የመጀመሪያውን ጎል ቢራራ አገባ፤ ሦስት ሰው አልፎ፣ በግራ እግሩ። ደስታውን ለመግለጽ ወደማንም አልሮጠም፤ ኳሷን ከመረቡ አውጥቶ መሃል ሜዳ ላይ አስቀመጠና ተመለሰ። ባለጨዎችም ጥሩ ቡድን ናቸው፤ ገፍተው መጥተው አቻ አደረጉ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም በጭቃ ውስጥ ተናነቁ። የአናጢዎች የመሃል ተከላካይ ቅንድቡ ተሰንጥቆ ደሙን በእጅጌው እየጠረገ ይጫወታል። አያልሰው አንዷን በእግሩ መለሰ፤ አንዷን በደረቱ። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ተጫውቶ አያውቅም። ሰውነቱ ቀለለው፤ ሜዳው ውስጥ ከኳሷ በቀር ምንም አልነበረም።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አንድ ባለጨው ከሩቅ መታ። ጠንካራ ኳስ አልነበረችም። በደረቅ ቀን አያልሰው ዓይኑን ጨፍኖ የሚይዛት ዓይነት ናት። ሁለት እጁን ዘርግቶ ጠበቃት፤ መጣች፣ መዳፉ ላይ አረፈች። ከዚያ እንደ ሳሙና ሙልጭ ብላ በእጆቹ መሃል ወጣች፤ በእግሮቹ መሃል አለፈች፤ ተንከባላ፣ ተንከባላ መስመሩን አለፈች።

ዝናቡ ብቻ ተሰማ። ከዚያ የባለጋሪ ሰፈር በአንድ ድምፅ ፈነዳ። «ሌባ!»

ጨዋታው እንደዚያው አለቀ። ባለጨዎች ዋንጫውን አነሱ። አያልሰው በሩ ላይ በጉልበቱ እንደተንበረከከ ጓንቱን ያያል። ኳሷን ለመያዝ የቻለውን ሁሉ እንዳደረገ ከራሱ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ሊያስረዳበት የሚችል ቃልም በዚያች ከተማ አልቀረም። ስሕተት የሚባለው ነገር ከአገሩ ከጠፋ ቆይቷል። ሰው ወይ ተልኮለታል፣ ወይ አልተላከለትም።

ይባስ ብሎ በሦስተኛው ቀን ከበሮ እየተመታ የባለጨዎች ሰዎች ወደ ሰፈሩ መጡ። ከፊት አቶ ልሳነወርቅ አሉ። ከፊተኛው የወፈረ፣ ብርማ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ አምጥተው ደጃፉ ላይ ቆለሉት።

«የምስጋና ነው!» አሉ ጮክ ብለው፣ ሰፈሩ እንዲሰማ። «ጎበዝ ልጅ! ያንን ቆርቆሮ ስትመልስ ደንግጠን ነበር። ለካ ብልጠትህ ነው!»

ጎረቤቶች ከየአጥራቸው ያያሉ። እንጉዳይ ከሰውየው ፊት ቆመች። «ይኸን ብረት አንሡልኝ» አለች።

«እትዬ፣ ደንቡ አይፈቅድም። የተላከ ምርቃት አይመለስም።»

«አውቃለሁ» አለ አያልሰው ከኋላዋ። «የተላከ አይመለስም፤ ያልተቀበልኩት ግን የኔ አይደለም።»

ጋሪ ፍለጋ ወጣ። በዚያ ሰሞን በነጻ የጫኑለት ባለጋሪዎች፣ ሲያዩት ፈረሶቻቸውን አዞሩ። አንዱ እግሩ ሥር ተፋ። አያልሰው ተመልሶ መጣና ከቁልሉ አንዱን ቆርቆሮ አንስቶ ጀርባው ላይ ጫነ። ነፋስ ሲመታው ቆርቆሮው እንደ ሸራ ይወጥረዋል፤ እየተንገዳገደ ገበያውን አቋረጠ። ሰዎች ከሱቃቸው ወጥተው አዩት። «ሊሸጠው ነው» አለ አንዱ። ባለጨዎች በር ላይ አስቀምጦ ለሁለተኛው ተመለሰ።

ለሦስተኛው ሲመለስ ደምለው ደጃፉ ላይ ቆሟል። ደምለው የከሰል ጆንያውን እንደ ትራስ ትከሻው ላይ አጠፈና አንድ ቆርቆሮ ተሸከመ። እንጉዳይም ነጠላዋን አሸርጣ ከኋላው አንዷን ይዛ ወጣች።

ማምሻውን ቁልሉ አለቀ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ባለጨዎች ቆርቆሮውን መልሰው አመጡት። አያልሰው መልሶ ተሸከመ። እንደገና አመጡት፤ እንደገና ተሸከመ። ትከሻው ቆሰለ። እንጨት የሚያሠሩት ሰዎች «ሥራህን ትተህ ምን ነካህ?» ሲሉት፣ «ይኸን ልጨርስ» ይላቸዋል። ሹም መንበሩ ጉዳዩን መርምረው፣ ምርቃት የሚመልስ ሰው በጋሪ ሳይሆን በገዛ ጀርባው እንዲሸከም የሚል አዲስ ደንብ አወጡ፤ ቅጣት መሆኑ ነው። አያልሰው ደንቡን ሰምቶ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሹሙ ጋር መስማማቱን ተናገረ።

አንድ ቀን ከቁልሉ አጠገብ ጋሽ ዘውገን አገኛቸው፤ ወገባቸውን ይዘው አንዱን ጫፍ ለማንሳት ይታገላሉ። ሌላ ቀን ያ ቅንድቡ የተሰነጠቀ ተከላካይ መጣ። ከዚያ ቢራራ መጣ። የራሱን ቤት ቆርቆሮ ጭኖ ነበር።

«እናትህስ?» አለው አያልሰው።

«እሷ ናት አውርደው ያለችኝ። ሰው ሲያየኝ ሳላፍር ውኃ ልቅዳ አለች።»

በዚያ ቀን የባለጨዎች በር ተዘግቶ አገኙት። ሸክማቸውን እንደያዙ ቆሙ። ቆይቶ አቶ ልሳነወርቅ ብቅ አሉ። ጃንጥላ አልያዙም፤ ፊታቸው ደክሟል።

«አንተ ሰው፣ እስከ መቼ ነው?»

«እርስዎ ማምጣቱን እስከሚተዉበት ቀን ድረስ።»

«አሸናፊ ነን እኮ! ዋንጫው እጃችን ገብቷል፤ ያንተ ቆርቆሮ ምን ይጨምርልናል ምን ይቀንስብናል?»

«ለናንተማ ምንም። እጄን መልሱልኝ ነው የምላችሁ። ያቺ ያመለጠችኝ ኳስ የኔ ስሕተት ናት፤ ዋጋ አታውጡላት።»

አቶ ልሳነወርቅ ከሱ ኋላ የቆሙትን አዩ፤ አናጢዎቹን፣ ከሰል ሻጩን፣ እንጉዳይን። በሩን ከፈቱና ገለል አሉ። ቆርቆሮው ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም። ባለጨዎች ለተመልካቾቻቸው ዳስ ሠሩበት።

የምርቃት ሹሙ ቢሮ አሁንም ክፍት ነው። ዳኛው አሁንም መሳቢያውን ይቆልፋል። በገበያ ስለ አያልሰው የሚባለው ግማሹ ሌባ ነው ይላል፣ ግማሹ እብድ ነው ይላል፤ እሱም ሁለቱንም ሰምቶ ያልፋል።

ክረምቱ ጋብ ባለ አንድ ቅዳሜ የአያልሰውን ቤት ሳር ሊከድኑ ተሰበሰቡ። ደምለው ሳሩን ያጭዳል፣ ተከላካዩ ያስራል፣ ጋሽ ዘውገ ከታች ሆነው ያዛሉ። አያልሰውና ቢራራ ጣሪያው ላይ ናቸው። እንጉዳይ ጠላ ይዛ መጥታ ሁለቱም ጠጡ። ቢራራ ጣሳውን አስቀመጠ። በድንገት ጭኑን መታ።

«አንተ ግን፣ ምን ሆነህ ነው የያዝካት?» ብሎ ጮኸ። «በረጠበ ኳስ ማን ይይዛል? በቡጢ ብትመታት ኖሮ ከሜዳ ትወጣ ነበር እኮ! ዋንጫውን እንነሳቸው ነበር! ስንት ዘመን በር ጠብቀህ ይኸ ይጠፋሃል?»

ከታች ሥራው ቆመ። ጋሽ ዘውገ ቀና አሉ። አያልሰው የሳሩን ነዶ እንደያዘ ቢራራን አየው። ልጁ በእውነት ተናዷል፤ ዓይኑ ውስጥ ጥርጣሬ የለም፣ ያመለጠች ኳስ ብቻ ናት ያለችው። አያልሰው ደረቱ ላይ ለወራት የተቀመጠ ነገር ሲነሳለት ተሰማው።

«ልክ ነህ» አለ። «በቡጢ ነበር።»

«ነበር እንጂ!»

«ጣቶቼን አጣምሬ፣ ወደ ጎን።»

«ወደ ጎን አይደለም፣ ወደላይ!» አሉ ጋሽ ዘውገ ከታች። «ወደ ጎንማ ያ ግራኙ ልጅ ቆሞ ነበር። እሱንስ ማን ነው ለቆት የሄደው?»

ተከላካዩ ማሰሪያውን ጥሎ ተነሣ። «እኔ አይደለሁም!» አለ። ደምለውም ማጭዱን እንደያዘ መጥቶ፣ እሱ ከአጥሩ ጋር ቆሞ እንዳየው፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መናገር ጀመረ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጮሃሉ፤ ሳሩ በነፋስ ይበተናል፤ እንጉዳይ «ክደኑት እንጂ!» እያለች ትቆጣለች፤ የሚሰማት ግን የለም።